መልመድ ትዕግሥት አይደለም

በየመሥሪያ ቤቱ በዚህ ዘመን አዘውትሮ የሚሰማ ቃል ቢኖር «ሲስተም የለም» የሚለው ነው። እኛ ከማሻና ከአካባቢዋ የመጣን ተማሪዎች ይህን ቃል እንደ አገራችን ዝናብ ቈጥረነዋል። ሲዘንብ እንጠለላለን፤ ሲስተም ሲጠፋ አግዳሚ ወንበር ላይ እንቀመጣለን። ዝናቡን ያዘነበው ፈጣሪ ነው፤ ኮምፒዩተሩን ያዘገየውስ ማን ነው?

ኮምፒዩተር ባንድ ቀን አይደክምም። ፕሮግራም ይደራረብበታል፤ ዲስኩ ይሞላል፤ በፍላሽ የመጣ ቫይረስ ይገባበታል፤ ማራገቢያውን አቧራ ይደፍነዋል። ባንድ ደቂቃ ይነሣ የነበረው ከጊዜ በኋላ አምስት ደቂቃ ይፈጃል። ነገር ግን በየቀኑ የሚጨመረው ጥቂት ስለ ሆነ ማንም ልብ አይለውም። አባቶቻችን «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» አሉ። እዚህ ግን ነገሩ ተገልብጦ፣ በእግሩ ይሄድ የነበረው ቀስ በቀስ ወደ እንቁላልነቱ ተመለሰ።

ጥፋቱ ያሮጌ ዕቃ ብቻ ነው እንዳይባል፣ ስዊሳዊው ሊቅ ኒክላውስ ቪርት በ1995 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጽሑፍ፣ መሣሪያው ከሚፈጥነው ይልቅ ፕሮግራሙ የሚንቀራፈፈው እንደሚበልጥ አስረድተዋል። በዚያው ዓመት የወጣው ዊንዶውስ 95 ቢያንስ 4 ሜጋባይት ሚሞሪ ይበቃው ነበር፤ በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣው ዊንዶውስ 11 ግን ቢያንስ 4 ጊጋባይት ይጠይቃል። ይህም አንድ ሺህ እጥፍ ያህል ነው። ደብዳቤ የሚጽፈው ሠራተኛ ግን ሺህ እጥፍ አልፈጠነም።

ታዲያ ዕዳውን የሚከፍለው ማን ነው? ከጠረጴዛው ኋላ የተቀመጠው ሰው ደመወዙ አይቀርበትም። የሚከፍለው ጉዳዩን ሊያስፈጽም ከሩቅ ቀበሌ ጭቃውን እየረገጠ የመጣው ገበሬ ነው። «አባባ፣ ነገ ይምጡ» ሲባል የቡና ለቀማው ቀን፣ የመንገድ ሳንቲሙ፣ ጕልበቱም አብረው ይባክናሉ። እርሱም «እሺ ልጄ» ብሎ ይመለሳል። ይህን እሺታ ትዕግሥት ብለን ማመስገናችን ተገቢ ነውን?

ቡና እስከ በረካ ድረስ መጠበቅ ወግ ነው፤ ጠባቂው ጨዋታና ምርቃት ያገኝበታልና። በቀርፋፋ መኪና ፊት መቀመጥ ግን ምርቃት የለውም። መድኃኒቱም ሁልጊዜ ውድ አይደለም፤ ሳይፈለግ አብሮ የሚነሣውን ፕሮግራም ማስቀረት፣ አቧራውን መጥረግ፣ ገንዘብ ሲገኝ የሚሽከረከረውን ዲስክ በኤስኤስዲ መለወጥ ነው።

እንግዲህ ወንድሞችና እኅቶች፣ ለዕረፍት ወደየአገራችን ስንገባ ሰዓት ይዘን እንለካ፤ የለካነውንም ለኃላፊዎቹ በአክብሮት እናሳይ። ያልተለካ መዘግየት ይለመዳል፤ የተለካ ግን ያሳፍራል።