በመምጣቱ ተስማምተን በአመጣጡ ተኳረፍን

በባሕረ ሐሳብ ስሌት ከፍጥረት እስከ ክርስቶስ ልደት ያለው ዘመን 5500 ዓመት ነው። 1500 ሲጨመርበት 7000 ይሞላል። እንግዲህ ልጅ አባቱን በሰደበ፣ ጎረቤት በጎረቤቱ በጨከነ ቁጥር «ስምንተኛው ሺህ ደረሰ!» የምንልለት ዘመን የገባው በ1501 ዓ.ም. ነው፤ ከገባ ከአምስት መቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ሃያ ዓመት ቆይቶ፣ በ1521፣ የሽምብራ ኩሬ ጦርነት ሆነ፤ ከዚያም በኋላ ስንት ገዳም ተቃጠለ፣ ስንት ሕዝብ ተሰደደ። የዚያን ጊዜ ገበሬ «ዓለም አለቀ» ቢል ማን ይፈርድበታል? ዓለም ግን አላለቀም። ልጆቹ አርሰው፣ የልጅ ልጆቹ ተድረው፣ ይኸው እኛም ያንኑ ቃል እየደገምን አለን።

ይህን የማነሣው በአባቶች ስሌት ለመሣቅ አይደለም። ፍጻሜን የማይጠብቅ ክርስትና የለም። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ የዐቢይ ጾም አምስተኛው ሰንበት ደብረ ዘይት ተብሎ ለዳግም ምጽአት መታሰቢያ ሆኗል። ኦርቶዶክሱም ካቶሊኩም ሉተራኑም እ.ኤ.አ. በ325 በኒቅያ ተደንግጎ በ381 በቁስጥንጥንያ በተሟላው ጸሎተ ሃይማኖት ጌታ በክብር ተመልሶ እንደሚመጣ፣ እንደሚፈርድ፣ ሙታንም እንደሚነሡ ይመሰክራሉ። ሌሎቹም ወንጌላውያን ይህንኑ ይሰብካሉ፣ ይዘምራሉ። ጠባችን የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። ንጥቀት፣ ማለትም አማኞች ወደ ጌታ መነጠቃቸው፣ ከታላቁ መከራ በፊት ነው ወይስ በኋላ? የክርስቶስ የሺህ ዓመት መንግሥት ቃል በቃል ነው ወይስ ምሥጢር? ሐሳዊ መሲሕ የሚነሣው ከየት ነው? የአውሬው ምልክት የኮሮና ክትባት ነው ወይስ ፋይዳ መታወቂያው?

የሺህ ዓመቱ መንግሥት በስሙ የተጠቀሰው በዮሐንስ ራእይ ምዕራፍ 20 በስድስት ተከታታይ ቁጥሮች ነው። በእነዚህ ስድስት ቁጥሮች ላይ ስንት መጽሐፍ እንደ ተጻፈ፣ ስንት ኅብረት እንደ ፈረሰ ማን ይቆጥረዋል። ዛሬ በብዙ የወንጌላውያን መድረክ ያለ ክርክር የሚሰበከው «ቤተ ክርስቲያን ከመከራው በፊት ትነጠቃለች» የሚለው ትምህርት በ19ኛው መቶ ዘመን በሰባኪው ጆን ኔልሰን ዳርቢ የተቀናበረ፣ እ.ኤ.አ. በ1909 በታተመው የስኮፊልድ ማብራሪያ ያለው መጽሐፍ ቅዱስ ዓለምን ያዳረሰ ነው። በቅርብ ጊዜ መሰናዳቱ ብቻውን ስሕተት አያደርገውም። ነገር ግን ይህን ያልተቀበለውን ሁሉ «መንፈሳዊ ዐይኑ ያልተከፈተ» ማለት ከሐዋርያት ጀምሮ ያለውን አብዛኛውን ክርስቲያን ዕውር ማለት ነው። በሌላው ወገን ያለውም አይሻልም፤ ንጥቀት የሚለውን ቃል ሲሰማ ብቻ «መጤ» ብሎ የወንድሙን ጸሎት ሳይቀር ይንቃል።

ባለፈው ዓመት አዲስ አበባ አንድ ቀብር ላይ ቆሜ ነበር። ሟቹ የወንጌላውያን አማኝ ነው፤ ከዘመዶቹ ግማሹ ኦርቶዶክስ ናቸው። እናትየዋ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ በሁለት ሴቶች ተደግፈው ከሣጥኑ ራስጌ ቆመዋል። ሰባኪው ልጅ እግር ነው። ወደ ተሰሎንቄ ሰዎች ከተላከው የመጀመሪያው መልእክት ምዕራፍ አራትን አነበበ፤ ደኅና ጀመረ። ከዚያ ድንገት ወደ ቅደም ተከተሉ ገባ፤ መጀመሪያ ንጥቀት፣ ቀጥሎ የሰባት ዓመት መከራ፣ ቀጥሎ ሐሳዊ መሲሕ እያለ በጣቱ መቁጠር ያዘ። ማን እንደሚነጠቅ፣ ማን «እንደሚቀር» ሲዘረዝር ዐይኑ ጋቢ ወደ ለበሱት ዘመዶች መሄዱን ያላየ የለም። ከኋላ ማጉረምረም ተሰማ። አንድ የዕድሩ ሽማግሌ ጠጋ ብለው በለሆሳስ፣ «ልጄ፣ እሱን ሌላ ቀን ታስተምረናለህ፤ አሁን እናትየዋን አጽናናልን» አሉት። ልጁ ደንግጦ መጽሐፉን አጠፈና ጸለየ።

ሽማግሌው ሐዋርያውን በትክክል የተረዱት ይመስለኛል። ጳውሎስ ያን ምዕራፍ የጻፈው ሰዎቻቸው ሞተውባቸው «እነሱ ከጌታ መምጣት ተለይተው ቀሩ እንዴ?» ብለው ለተጨነቁ ሐዘንተኞች ነው፤ የቋጨውም እርስ በርስ እንዲጽናኑ በማዘዝ ነው። እንባ ለማበስ የተላከን መልእክት ወስደን የጠብ መነሻ አደረግነው። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይህ ነው።

እውነቱን ለመናገር ጠቡ እኛ የጀመርነው አይደለም። በሦስተኛው መቶ ዘመን በግብፅ፣ ዛሬ ፋዩም በሚባለው አገር በአርሲኖኤ አውራጃ፣ ኔጶስ የሚባል ጳጳስ ነበር። የሺህ ዓመቱ መንግሥት በዚህች ምድር ላይ የሚቆም ነው ብሎ፣ ቃሉን በምሥጢር የሚፈቱትን የሚነቅፍ መጽሐፍ ጻፈ። እሱ ካረፈ በኋላ መጽሐፉ ከወንጌል እኩል ሆነ ማለት ይቻላል፤ መንደር ከመንደር ተለያየ፣ አጥቢያዎች እንዳሉ ከኅብረት ወጡ። የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ ዲዮናስዮስ ነገሩን ሰማ። መንበሩ ለእኛም እንግዳ አይደለም፤ እስከ ሃያኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ጳጳስ ይላክልን የነበረው ከዚያው ነው። ዲዮናስዮስ የኔጶስን ትምህርት አይቀበልም። ሥልጣኑም ነበረው፤ ቃለ ውግዘት ጽፎ መላክ ይችል ነበር። እሱ ግን ራሱ ሄደ። የየመንደሩን ቀሳውስትና መምህራን ሰበሰበ፣ መጽሐፉን መካከል ላይ አስቀመጠ፣ ሦስት ቀን ሙሉ ከጧት እስከ ማታ ተቀምጦ ተነጋገረ።

የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊው አውሳብዮስ ይህን ያቆየልን በዲዮናስዮስ በራሱ ጽሑፍ ነው፤ በእኔ ግምት ከክርክሩ ውጤት ይልቅ አነጋገሩ ይበልጣል። ሊነቅፈው ስለመጣው ሰው አስቀድሞ በጎውን ተናገረ፤ የኔጶስን እምነት፣ ትጋቱን፣ መጻሕፍትን መመርመሩን፣ ምእመናን እስከዚያ ዘመን የሚጽናኑበትን ዝማሬውን አመሰገነ። ሞቷልና አከበረው። ስለተሰብሳቢዎቹም ሲጽፍ ጥያቄውን በሥርዓት ማንሣታቸውን፣ የያዙትን ለእልክ ብለው አለመሟገታቸውን፣ የተረቱበትን ያለ ሀፍረት መቀበላቸውን አደነቀ። የወገኑ መሪ ቆራቅዮን በመጨረሻ በሁሉ ፊት ሐሳቡን ተወ፤ ሌሎቹም በተደረሰበት ስምምነት ደስ አላቸው። ዲዮናስዮስ ራሱም ስለ ዮሐንስ ራእይ ሲጽፍ ምሥጢሩ ከአእምሮዬ በላይ ነው ይላል። እስቲ አሁን ካሉት የፍጻሜ ዘመን ሰባኪዎቻችን መካከል «ይህስ ከአእምሮዬ በላይ ነው» የሚል ጥሩልኝ።

«ታዲያ ሁሉም ዝም ይበል? ትምህርት አያስፈልግም?» የሚል አይጠፋም። ያስፈልጋል እንጂ። በዚያው በተሰሎንቄ ሥራቸውን ትተው ሥራ ፈት የሆኑ ሰዎች ስለነበሩ ጳውሎስ የማይሠራ አይብላ ብሎ ተቆጥቷል። ስለ ፍጻሜ የምናምነው ነገር እርሻችንን፣ ቁጠባችንን፣ የልጆቻችንን ትምህርት ይነካል። ጥያቄው የቱ ላይ አብረን እንደማንቆም ነው። በሁለተኛው መቶ ዘመን ሰማዕቱ ዮስጢኖስ መልሱን አስቀምጦታል። እሱ የሺህ ዓመቱን መንግሥት ቃል በቃል ያምን ነበር፤ ነገር ግን ከይሁዲው ትሪፎን ጋር ሲነጋገር ንጹሕ እምነት ያላቸው ብዙ ክርስቲያኖች እንደማይስማሙበት ሳይሸሽግ ተናገረ፣ ክርስቲያንነታቸውንም አልነሣቸውም። የሙታንን ትንሣኤ የሚክዱትን ግን ክርስቲያን አላላቸውም። መስመሩን ያሰመረው ትንሣኤ ላይ ነው።

በዘመናችንም ይህን ያደረጉ አሉ። በአሜሪካ የምትገኘው የወንጌላዊት ነፃ ቤተ ክርስቲያን ክርስቶስ ከሺህ ዓመቱ በፊት ይመጣል የሚለውን በእምነት መግለጫዋ ውስጥ ይዛ ኖራ እ.ኤ.አ. በ2019 በጉባኤ አወጣችው፤ በምትኩ በክብር እንደሚመጣ ብቻ ተናገረች። የቀድሞውን እምነት የያዙ አገልጋዮች ዛሬም በውስጧ ያገለግላሉ። የተለወጠው የሚያምኑት ሳይሆን በሩ ላይ የሚጠየቀው ነገር ነው።

ለአንድ ዓይነት ሰው ብቻ ትዕግሥት የለኝም፤ ቀን ለሚቆርጠው። አሜሪካዊውን ሰባኪ ዊልያም ሚለርን ከተከተሉት መካከል እ.ኤ.አ. ጥቅምት 22 ቀን 1844 ጌታ ይመጣል ብለው ሰብላቸውን ሳያነሡ የጠበቁ ገበሬዎች ነበሩ። አሜሪካዊው የሬዲዮ ሰባኪ ሃሮልድ ካምፒንግ እ.ኤ.አ. በ2011 ግንቦት 21ን በየመንገዱ በትልልቅ ሰሌዳ አስለጠፈ፤ ተከታዮቹ ያጠራቀሙትን ገንዘብ ለማስታወቂያው አፈሰሱ። ቀኑ አለፈ። ካምፒንግ በዓመቱ ስሕተቱን አምኖ ይቅርታ ጠየቀ፤ የሰዎቹ ገንዘብ ግን አልተመለሰም። በእኛም አገር ሕልም አየሁ እያለ ወርና ዓመት የሚጠራ፣ ከሥሩም የባንክ ሒሳብ ቁጥር የሚለጥፍ ሞልቷል። ይህ ሰው ከእኛ ጋር ያለው ልዩነት የአተረጓጎም አይደለም። የሕዝቡን ፍርሃት ይሸጣል።

ስለዚህ ለየቤተ እምነቱ መምህራን፣ ለፓስተሮች፣ ለሰንበት ትምህርት ቤት አስተማሪዎች አንድ ልመና አለኝ። ስለ ፍጻሜ ዘመን የምትለያዩበትን ነገር ቲክቶክ ላይ ከመልቀቃችሁ በፊት አንድ ቀን እንኳ ከጧት እስከ ማታ ፊት ለፊት ተቀመጡበት። ስትጀምሩም እያንዳንዳችሁ የሌላውን በጎ ሥራ ተናገሩ። ሁላችሁም የምትቀበሉትን፣ መምጣቱን፣ ፍርዱንና ትንሣኤን፣ በአንድ ገጽ ጽፋችሁ በየአጥቢያችሁ አንብቡልን፤ የቀረውን እየተከራከራችሁ መቆየት ትችላላችሁ። ቀን ለሚቆርጠውና በዚያ ገንዘብ ለሚሰበስበው ግን መድረካችሁን አትስጡ።