ሦስት ኦሊምፒክ ቀርተን አንድ ጭብጨባ መቅረት አቃተን

የ2034ቱን የሳውዲ ዓለም ዋንጫ ባነሣሁ ቁጥር «ስፖርትና ፖለቲካ አታደባልቅ» የሚለኝ በዝቷል። ካፌ ውስጥ፣ ታክሲ ውስጥ፣ ለቅሶ ቤት ሳይቀር። ኳስ ኳስ ነው። እኛ ምን አገባን? ዝም ብለህ እይ!

ምን አገባን? ይህን የምንለው እኛ ነን?

ረስታችሁት ከሆነ ላስታውሳችሁ (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)። በ1976 ሞንትሪያል ቀረን። ሶዌቶ ላይ ተማሪዎች በተጨፈጨፉ ማግሥት የኒውዚላንድ ራግቢ ቡድን ደቡብ አፍሪካ ሄዶ በመጫወቱ፣ ከ20 የሚበልጡ የአፍሪካ አገሮች ኦሊምፒኩን ጥለው ወጡ፤ እኛም አብረን። በዚህኛው አላፍርም። በ1984 ግን ሎስ አንጀለስ የቀረነው ሞስኮ ስላኮረፈች ነው። በ1988 ሴኡል የቀረነው ለፒዮንግያንግ አጋርነት ነው። ለፒዮንግያንግ! ያኔ «ስፖርትና ፖለቲካ» ብሎ የተነፈሰ ባለሥልጣን ነበር? ለሶዌቶ ልጆች ተቆጣሁ ያለው ደርግ ራሱ፣ ዓመት ሳይሞላው የአዲስ አበባን ልጆች ምን እንዳደረጋቸው የየሰፈሩ እናት ታውቃለች።

ዕዳውንስ ማን ከፈለው? ሚኒስትሩ? ካድሬው? ምሩፅ ይፍጠር ከፈለው። ላሴ ቪረን ሞንትሪያል ላይ 5 ሺሑንም 10 ሺሑንም ሲጠቀልል ማርሽ ቀያሪው ሜዳው ላይ አልነበረም። ምሩፅስ ቢያንስ ከአራት ዓመት በኋላ ሞስኮ ላይ ሁለቱንም ወርቅ አነሣ። በላይነህ ዴንሳሞስ? በሚያዝያ 1988 ሮተርዳም ላይ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ ጨርሶ የዓለምን ክብረ ወሰን ሰበረ። ከ10 ዓመት በላይ ማንም አልደረሰበትም። ከወራት በኋላ ሴኡል ላይ ግን የዓለም ፈጣኑ ማራቶን ሯጭ መነሻ መስመሩን እንኳ አልረገጠም። ለኪም ኢል ሱንግ ሲባል።

አሁን ወደ ራሳችን ሬሳ እንምጣ።

ሂዩማን ራይትስ ዎች በነሐሴ 2023 ባወጣው ሪፖርት፣ የሳውዲ ድንበር ጠባቂዎች ከየመን ሊሻገሩ የሞከሩ በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያንን በአንድ ዓመት ከጥቂት ወራት ውስጥ ገድለዋል አለ። በከባድ መሣሪያ፤ ሲቀርቡም በጥይት። ከተረፉት የተሰማ አንድ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣም፦ ጠባቂዎቹ «እጅህን ልምታው ወይስ እግርህን?» ብለው አስመርጠው የተኮሱባቸው አሉ። ሳውዲ ሐሰት ነው አለች። የእኛ ውጭ ጉዳይስ? ከሳውዲ ጋር ሆነን እናጣራለን፣ እስከዚያ አላስፈላጊ ግምት አትስጡ፣ ግንኙነታችን የቆየና እጅግ መልካም ነው። ገድሏል ከተባለው ጋር አብሮ ማጣራት! ይህን የሚሰማው እኮ ሬሳ እንኳ ሳይላክለት ድንኳን የተከለ አባት ነው።

ታኅሣሥ 2024 ደረሰ። ፊፋ 211 አባላቱን በቪዲዮ ሰብስቦ ዋንጫውን ለሳውዲ ሰጠ። ድምፅ አልተቆጠረም። ካሜራው ፊት አጨብጭቡ ተባለ፤ ተጨበጨበ። ኖርዌይ አላጨበጭብም፣ ተቃውሞዬ በቃለ ጉባኤ ይስፈርልኝ ብላ ጻፈች። ኖርዌይ! ልጆቿ በዚያ ድንበር ያልተገደሉባት አገር። ልጆቹ እዚያ የቀሩበት አገር ፌዴሬሽንስ? ጆሮ ዳባ ልበስ።

«ብንናገር እዚያ ያሉት ልጆቻችን ይጎዳሉ» ትሉኛላችሁ። ይህን ስጋት አልንቀውም። ከሪያድና ከጅዳ በሚላክ ብር የሚያድር ቤት ስንት ነው! ግን ዝምታችን ምን አተረፈላቸው? ያን ያህል ሰው ያለቀው እኮ ጭጭ ባልንበት ጊዜ ነው።

«ዋልያዎቹ እንደሆነ ለዓለም ዋንጫ አልፈው አያውቁ፤ ቀሩ አልቀሩ ማን ልብ ይላል?» የሚልም አለ። ልክ ነው፤ ስቄበታለሁ። እኔም አንድ ልጅ የላቡን ዋጋ እንዲያጣ አልጠይቅም። ምሩፅና በላይነህ ይበቁናል። የምጠይቀው ሱፍ ለብሰው ስብሰባ የሚቀመጡትን ነው። ፊፋ ውስጥ የኢትዮጵያ ድምፅ ከብራዚል ድምፅ እኩል አንድ ነው። የካፍ ፕሬዚዳንት የነበሩት ይድነቃቸው ተሰማ አፓርታይድን ከአፍሪካ ኳስ በር ላይ ሲመልሱ ታንክ አልነበራቸውም፤ አፍ ነበራቸው። የሳቸውን ስም በየስብሰባው የምትጠሩ ሰዎች፣ አፋችሁን ምን ነካው?

እናንተም አንባቢዎቼ ይህን ታስቡታላችሁ። ምላሳችሁ ጫፍ ላይ ደርሶ ትውጡታላችሁ፤ «ነገረኛ» እንዳትባሉ። እኔ ነገረኛ ልባል። የሚቀጥለው የፊፋ ጉባኤ ሲጠራ ተወካያችን እጁን አውጥቶ አንድ ጥያቄ ይጠይቅ፦ በጋራ ይጣራል የተባለው የልጆቻችን ግድያ ምን ደረሰ? ይህን ለመጠየቅ ሚኒማ ማሟላት አያስፈልግም።