ልጅዎ ጠበቃዎ አይደለም

ከፍርድ ቤት ወይም ዕዳ ከሚያስከፍለው መሥሪያ ቤት፣ ከሆጻዓ ላፖዓል፣ ደብዳቤ ሲመጣ በብዙ ቤት መጀመሪያ የሚጠራው ከትምህርት ቤት የተመለሰው ልጅ ነው። ልጁ ፊደሉን ያነባል፤ «እግድ»ና «መቃወሚያ» የሚሉትን ቃላት ግን በዕብራይስጥም ገና አልሰማቸውም። ያፍርና «ምንም አይደለም» ይላል። በዚህ መሐል የመቃወሚያው ቀን ያልፋል፤ በባንክ ያለው ገንዘብም ይታገዳል።

ውድ አንባቢያን፣ በአገር ቤት ሰው በልሃ ልበልሃ እያለ በራሱ አንደበት ይሟገት ነበር፤ ነገረ ፈጅ ማቆም የባለጸጋ ነገር ይመስለን ነበር። እዚህ ግን በፈረንጆች አቆጣጠር በ1972 በወጣው ሕግ መሠረት ገቢው አነስተኛ የሆነ ሰው በቤተሰብ፣ በዕዳና በመሳሰለው ጉዳይ መንግሥት ጠበቃ እንዲያቆምለት መጠየቅ ይችላል። ክፍሉ ሲዩዓ ሚሽፓቲ ይባላል፤ በፍትሕ ሚኒስቴር ሥር ነው። በወንጀል ለተከሰሰ ደግሞ በ1995 ሕግ የተቋቋመው ሳኔጎሪያ ጺቡሪት አለ፤ የሚፈቀደው እንደ ክሱ ክብደትና እንደ ሰውየው አቅም እየታየ ነው። ዕብራይስጥ ለማያውቅ ተከሳሽ አስተርጓሚ የሚመድበው ፍርድ ቤቱ ነው እንጂ ቤተሰቡ አይደለም።

ጠበቃው ፊት ሲቀመጡ ሳይገባዎት «እሺ» አይበሉ። እኛ ዝምታን ጨዋነት እናደርገዋለን፤ እሱ ግን ተስማሙ ብሎ ይጽፋል። ክፍያውን በጽሑፍ ያድርግልዎ። ያልተተረጎመልዎትን ወረቀት አይፈርሙ። ይሉኝታ ለሚይዘው ደግሞ ይህን እንንገር፤ ለጠበቃ የነገሩት ምስጢር ነው፣ ያለ ፈቃድዎ ለዘመድም ቢሆን አይወጣም።

ልጁ አድጎ ጠበቃ መሆን ከፈለገ ግን መንገዱ ክፍት ነው፤ ረጅም ነው ብለው አያስፈራሩት። በእስራኤል እንደ እንግሊዝ አገር በችሎት የሚከራከርና በቢሮ የሚሠራ ተብሎ አይከፈልም፤ ሁሉም ዖሬኽ ዲን ነው። ሦስት ዓመት ተኩል ገደማ ሕግ ይማራል፣ ቢያንስ አንድ ዓመት በሥራ ላይ ይለማመዳል፣ ከዚያም የጠበቆች ማኅበሩን ፈተና ይወስዳል። ብዙዎችን የሚጥለው ፈተናው ነውና ለዝግጅቱ ጊዜና ገንዘብ ቀድሞ ማሰብ ይገባል። በ2016 በኢትዮጵያ የተወለዱ ሁለት ሴቶች ለመጀመሪያ ጊዜ ዳኛ ሆነው ተሾመዋል፤ ሁለቱም በዚሁ መንገድ ያለፉ ናቸው።

ለዛሬ ማታ ልጁ የቤት ሥራውን ይሥራ። ደብዳቤውን ነገ ጠዋት ወደ ሲዩዓ ሚሽፓቲ ይውሰዱት፤ ፖስታውንም አይጣሉት፣ የተላከበት ቀን የሚታየው በእሱ ላይ ነው።