መንገዱ ለማን ተሠራ?



በመስቀል የጉራጌ ነጋዴዎች ወደ አገራቸው ሲገቡ የመርካቶ ሱቆች በየተራ ይዘጋሉ፤ ወልቂጤና እምድብር በመኪና ይጨናነቃሉ። ክትፎው ከቆጮ ጋር ይቀርባል፣ የመንደሩ ሰፊ መንገድ፣ ጀፎሮው፣ ሰው በሰው ይሆናል። ከዚያስ? እንግዳው ሲመለስ እንሰት መፋቁ እንደ ወትሮው ለእናቶች ይቀራል።

በ1950ዎቹ አዲስ አበባ የከተሙ ጉራጌዎች ገንዘብ አዋጥተው፣ በጉራጌ መንገድ ሥራ ድርጅት በኩል አገራቸውን ከመዲናዋ አገናኙ። ትልቅ ሥራ ነው። መንገድ ወጣቱንም ይዞ ይሄዳል፤ ይህ ሲነገር ግን እምብዛም አንሰማም።

በዚህ እትም የያኔው መዋጮ እንዴት እንደተሰበሰበ፣ የቸሃ ወረዳ የእንሰት ጓሮ ዛሬ በማን ጉልበት እንደቆመ ታነባላችሁ። ከተማ ያላችሁት ቅር አይበላችሁና፣ ለበዓል ብቻ የሚከፈተው የአገር ቤት ቪላችሁ ለመንደሩ ምን ጨመረ? መልሳችሁን ጻፉልን፤ በቀጣዩ እትም እናወጣዋለን።