ፈቃደኞችን የሚመራውን ማን ይደግፈዋል?

ክረምት በመጣ ቁጥር የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በየሠፈራቸው ለበጎ ፈቃድ አገልግሎት ይሠማራሉ። የማጠናከሪያ ትምህርት ያስተምራሉ፤ ችግኝ ይተክላሉ፤ ደም ይለግሳሉ፤ የአረጋውያንን ቤት ያድሳሉ። ፈቃደኛ አነሰ የሚል ቅሬታ የለንም። የሚያሳስበን ሠላሳ ተማሪ ተሰብስቦ «አንተ አስተባብር» የሚባለው ልጅ ምን ተምሮ፥ ማንንስ ተማምኖ እንደሚመራ የሚጠይቅ ሰው መጥፋቱ ነው።

ብዙ ጊዜ የሚመረጠው እጁን አስቀድሞ ያወጣው ወይም የስም ዝርዝሩን የጻፈው ነው። ትጋቱን አንነቅፍም። ነገር ግን በሁለተኛው ሳምንት ሠላሳው ዐሥራ ሁለት ሲሆኑ፥ የክፍሉን ቁልፍ የያዘው ዘበኛ ሲታጣ፥ ወላጆች «ነገስ ትመጣላችሁ?» ሲሉ መልስ የሚጠበቀው ከእርሱ ብቻ ነው። በሦስተኛው ሳምንት እርሱም ይቀራል፤ ደብተሩን ይዞ የመጣው ሕፃንም ከተዘጋ በር ይመለሳል።

«እድራችንስ ያለ ሥልጠና ይሠራ የለምን?» የሚል ወዳጅ አይጠፋም። እውነት ነው፤ አብዛኞቹ የእድር ዳኞች፥ ጸሐፊዎችና ገንዘብ ያዦች ያለ ደመወዝ ያገለግላሉ። ይሁንና እድር መተዳደሪያ ደንብ አለው፤ ስም ይጠራል፤ የቀረ መቀጫ ይከፍላል፤ ሁሉም የራሱን ቀን እያሰበ ይመጣል። አዲሱ ጸሐፊም መዝገብ ተረክቦ፥ ለዓመታት ከአባላት መካከል ተቀምጦ ሲያየው የኖረውን ሥራ ይጀምራል። የእኛ አስተባባሪ ግን ደመወዝም መቀጫም የሚረከበው መዝገብም የለው። ሰውን የሚይዘው በአነጋገሩ፥ በሥራ አከፋፈሉና ሰዓት በማክበሩ ነው። እንግዲህ ከመሥሪያ ቤት አለቃ ይልቅ ሥልጠና የሚያሻው ለእርሱ ነው።

በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፈቃድና ትእዛዝ የተቀላቀሉበት እንደ ነበር አንዘነጋም። ሆኖም በአስተባባሪው ኮሚቴ ሥር የዘማቾችን ምልመላና ሥልጠና የሚይዙ፥ የትምህርት መሣሪያ የሚያቀርቡ፥ ሥራውን የሚቆጣጠሩ ንኡሳን ኮሚቴዎች ነበሩት። በ15 ቋንቋዎች ለማስተማር የቻለው በወጣት ጉልበት ብቻ አልነበረም።

ስለዚህ የማኅበራችን ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ ከመዋጮአችን ጥቂቱን ከካናቴራ ማሳተሚያ ቀንሶ ለአስተባባሪዎች ሥልጠና እንዲመድብ እንጠይቃለን። ካናቴራው ያምራል፤ አንድ ክረምት እንኳ ሳይሞላው ይደበዝዛል እንጂ። ለሥልጠናው ሁለት ቅዳሜ ይበቃል። ስብሰባን በሰዓቱ ጀምሮ መጨረስ፥ የቀረን ባልደረባ ሳያሳፍሩ መጠየቅ፥ ገንዘብን በደረሰኝ መያዝ፥ ሕፃናት ባሉበት ክፍል አንድ ፈቃደኛ ብቻውን እንዳይሆን መጠንቀቅ፤ እነዚህ ሁሉ ሊማሩ የሚቻሉ ናቸው። ከመምህራኖቻችን ጋር አንድ የእድር ዳኛ ቢጋበዙ ደግሞ ከብዙ ንግግር የሚበልጥ ነገር ይነግሩን ነበር።

ሥልጠናው ብቻውን አይበቃም። ለእያንዳንዱ አስተባባሪ ምክትል ይሰየምለት፤ በየሳምንቱ ዐርብ ማታ ችግሩን የሚሰማና ከቀበሌ ጋር የሚነጋገርለት አንድ የኮሚቴ አባል ይመደብለት፤ ክረምቱ ሲያልቅም ለተተኪው የሚያስረክበው ደብተር ይኑረው።

ጉዳዩ በሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባ አጀንዳ እንዲያዝ በጽሑፍ አመልክተናል። የኮሚቴውን መልስ በመጪው እትም እናወጣዋለን፤ መልስ ካልመጣም ያንኑ እናወጣለን።