ሥልጠናው ወደ ጤና ኬላው ይምጣ

የገጠሩ ገበሬ ስለ ሥልጠና ጠቃሚነት ብዙ ማብራሪያ የሚያስፈልገው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 ቢጫ ዋግ በስንዴ አብቃይ አካባቢዎች በተነሣ ጊዜ፣ ለዓመታት ሲመሰገኑ የኖሩት ኩብሳና ገላማ የተባሉ ዝርያዎች ክፉኛ ተጠቅተዋል። ከዚያ በኋላ በብዛት የተዘራው ዲገሉም ቢሆን ዕድሜው አልረዘመም፤ እ.ኤ.አ. በ2013 በአርሲና በባሌ በግንድ ዋግ ተመታ። በእነዚያ ዓመታት የልማት ጣቢያ ሠራተኛው የአምናውን ምክር ይዞ ወደ ገበሬው ማሳ ቢወርድ ከጥቅሙ ጉዳቱ ያመዝን እንደነበረ ግልጽ ነው። ስለዚህም የልማት ጣቢያ ሠራተኛ በየጊዜው እንዲሠለጥን ማድረግ ተገቢ መሆኑን የሚከራከርበት ሰው የለም።

ይህ በእርሻው ዘርፍ የታመነበት ጉዳይ በጤና ተቋማት ማኅበራዊ አገልግሎት ለተሠማሩት ሠራተኞች ሲሆን ግን ሁለተኛ ደረጃ ይሰጠዋል። በሆስፒታል በሽተኛውን ከቤተሰቡ፣ ከኑሮውና ከቀበሌው ጋር የሚያገናኘው የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኛው ነው። በገጠር ቀበሌ ይኸው ሸክም የወደቀው፣ መጠሪያዋ ሌላ ቢሆንም፣ በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ላይ ነው። ሐኪሙ ቁስሉን ያያል፤ እነርሱ ደግሞ ባለ ቁስሉ ወደ የትኛው ቤት፣ ወደ ምን ዓይነት ኑሮ እንደሚመለስ ያያሉ። ይህን ማየት ትምህርት የማይጠይቅ፣ በርኅራኄ ብቻ የሚከናወን ሥራ የሚመስላቸው ኃላፊዎች አሉ። አስተሳሰቡ የተሳሳተ ነው።

የማኅበራዊ አገልግሎት ትምህርት በአገራችን እ.ኤ.አ. በ1959 በአዲስ አበባ ራሱን ችሎ ተጀምሮ ነበር። ከ1966 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ ትምህርት ቤቱ ተዘጋና ትምህርቱ እንደገና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። በመካከሉ አንድ ትውልድ ሙሉ አልፏል። ያ ክፍተት ከየጤና ተቋሙ እስኪጠፋ ድረስ በሥራ ላይ ያሉትን ማስተማር የግድ ይሆናል።

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ብንመለከት ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ጎልቶ ይታያል። ፕሮግራሙ በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር 10ኛ ክፍል ያጠናቀቁ ልጃገረዶች ተመልምለው፣ አንድ ዓመት ሠልጥነው፣ ለአንድ ቀበሌ ሁለት ሁለት ሆነው እንዲመደቡ ተደረገ። ቁጥራቸው ከ30,000 አልፏል። በመጀመሪያ የተሰጧቸው 16 የሥራ ክፍሎች በአብዛኛው መከላከልን የሚመለከቱ ነበሩ፤ መጸዳጃ ቤት ማስቆፈር፣ ክትባት፣ የቤተሰብ ምጣኔ፣ የአጎበር አጠቃቀም የመሳሰሉት። ከዚያ ወዲህ ሥራው ተደራርቧል። የሕፃናትን የሳንባ ምች በጤና ኬላ እንዲያክሙ ተፈቀደላቸው፤ የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን እ.ኤ.አ. በ2011 በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ተጀምሮ ወደ ሌሎች ወረዳዎች ተስፋፋ፤ የአእምሮ ጤናና እንደ ስኳርና ደም ግፊት ያሉት በሽታዎችም ተጨመሩ። አንድ ዓመት የተማረች ልጅ ይህን ሁሉ ከየት ታምጣው?

በተለይ ስለ ሳንባ ነቀርሳ ማንሣት ይጠቅማል። የተለመደው ሕክምና 6 ወር ይፈጃል። ገበሬው መድኃኒቱን በጀመረ በሁለተኛው ወር ሳሉ ይቀንሳል፣ ምግብ ይስማማዋል፣ ጉልበቱ ይመለሳል። ይህ ጊዜ ከአጨዳ ጋር ከተገጣጠመ መድኃኒቱን ይተዋል። ሰነፍ ሆኖ አይደለም፤ እህሉ በማሳ ላይ ነውና። ሕክምናው ሲቋረጥ በሽታው ያገረሻል፤ መድኃኒትን የሚቋቋም ሆኖ ሊመለስና ወደ ቤተሰቡ ሊተላለፍም ይችላል። እዚህ ላይ «መድኃኒትህን እንዳታቋርጥ» ብሎ መናገር ብቻ በቂ አይሆንም። ሠራተኛዋ ከቤቱ ማን ሊከታተለው እንደሚችል፣ ደቦ ማን ሊወጣለት እንደሚችል፣ ጎረቤቱ በሽታውን ሰምቶ ከቡናው እንዳያገልለው ምን እንደሚባል ማወቅ ይኖርባታል። ይህ ራሱን የቻለ ሙያ ነው፤ በልምምድና በውይይት የሚጠና እንጂ ከወረቀት ላይ ተነብቦ የሚያዝ አይደለም።

በባዶ እግር ቀይ አፈር ሲረግጡ በኖሩ ገበሬዎች ላይ የሚታየው የእግር ማበጥም ሌላው ምሳሌ ነው። በሽታው ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ሳሙና፣ ንጹሕ ውሃ፣ ቅባት፣ ፋሻና ጫማ ብዙ ለውጥ ያመጡለታል። ሆኖም በሽተኛው ከዕድር ይርቃል፤ ልጁን የሚያገባ ይጠፋል። እግሩን ማጠብ በአንድ ቀን ትምህርት ይያዛል። ዕድሩን ማሳመን ግን ዓመት ሊፈጅ ይችላል፤ ለዚህም ሠራተኛዋን የሚያዘጋጃት ትምህርት አነስተኛ ነው።

ሥልጠና ጨርሶ አይሰጥም ማለት አይቻልም። የማሻሻያና የማነቃቂያ ትምህርት ተዘጋጅቷል፤ ብዙዎቹ ሠራተኞች ወደ ደረጃ 4 አድገዋል፤ የጤና ባለሙያዎች የሙያ ፈቃዳቸውን ለማሳደስ ተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ ትምህርት እንዲወስዱም ይጠየቃሉ። ችግሩ በአሰጣጡ ላይ ነው። ሠራተኛዋ ለአንድ ሳምንት ወደ ከተማ ትጠራለች፤ ጤና ኬላው ይቆለፋል፤ ሕፃን አዝላ ሁለት ሰዓት የተጓዘች እናት ከቁልፉ ጋር ተያይታ ትመለሳለች። በአዳራሹ ውስጥ ንግግሩ ከጠዋት እስከ ማታ ይወርዳል፤ ከሰዓት በኋላ የሚያንቀላፋውን ቤቱ ይቁጠረው። አበሉ ተከፍሎ፣ ስም ተመዝግቦ፣ ሪፖርት ተጽፎ ሥልጠናው ተፈጸመ ይባላል። ከዚያ በኋላ በቀበሌዋ ምን እንደ ተለወጠ ሄዶ የሚያይ እምብዛም የለም። በአንዳንድ ቦታም ተመላልሶ የሚሠለጥነው በቢሮ ተቀምጦ የሚውለው ነው፤ መንገድ የማይገባበት ቀበሌ ያለችው ግን ጥሪው የሚደርሳት ሥልጠናው ካለቀ በኋላ ይሆናል።

አማራጩ ለገጠር ልማት ሠራተኞች እንግዳ አይደለም። ገበሬው የሚማረው በሠርቶ ማሳያ ማሳ ላይ ነው። ለጤና ማኅበራዊ ሠራተኛዋም የመማሪያ ማሳዋ ቀበሌዋ ነው። ከጤና ጣቢያው አንድ ልምድ ያለው ሠራተኛ በወር አንድ ቀን ወደ ጤና ኬላው ወጥቶ፣ አብሯት ሁለት ሦስት ቤት ገብቶ፣ ማታ ስለ ታየው ነገር ቢነጋገሩ የአዳራሹን ሳምንት ያህል ያስተምራታል። ገንዘብ የለም የሚል መልስ እንደሚሰጥ ይታወቃል። ለአዳራሽ ኪራይና ለአበል የሚወጣው ገንዘብ ግን አለ፤ ከዚያው ላይ ለአንድ ሠራተኛ የበቅሎ ወይም የሞተር ብስክሌት ነዳጅ ወጪ ቢቀነስ የሚጎድል ነገር አይኖርም። ወደ ከተማ መጥራቱ የግድ በሚሆንበት ጊዜም ሁለቱ በየተራ ቢሄዱ ጤና ኬላው አይዘጋም፤ የመድኅን መዋጮ የሚሰበሰብበትና የወባ ወቅት ለጥሪው ባይመረጥ መልካም ነው።

ከዚህም ሌላ የሆስፒታሉ የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኛና የቀበሌዋ ሠራተኛ በአንድ ላይ የሚማሩበት ቀን ያስፈልጋል። እንደ ፌስቱላ ያለውን ሕመም እናስብ። እ.ኤ.አ. በ1974 የተመሠረተው የአዲስ አበባ ፌስቱላ ሆስፒታልና በባሕር ዳር፣ በመቀሌ፣ በይርጋለም፣ በሐረርና በመቱ ያሉት ማዕከሎቹ የሚያክሟቸው ሴቶች አብዛኞቹ የገጠር ናቸው። ታክማ የዳነች ሴት ወደ ባሏ ወይም ወደ ወላጆቿ ቤት ስትመለስ የሚቀበላት ማን ነው? ቀጥሎ ስታረግዝ በጊዜ ወደ ሆስፒታል የምትወስዳትስ? ሆስፒታሉ የሚያውቀውን ቀበሌዋ ካላወቀች፣ ቀበሌዋ የምታውቀውንም ሆስፒታሉ ካልሰማ፣ ሁለቱም በየበኩላቸው ቢሠለጥኑ ሴትዮዋ በመካከላቸው ትወድቃለች። የወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤቶች የሚመጣውን ዓመት የሥልጠና ዕቅድ ሲያወጡ በዓመት ሁለት ጊዜ እንኳ እነዚህን ሰዎች በአንድ ጤና ጣቢያ ቢያገናኙና፣ ከመጡት መካከልም ስለ እነርሱ የሚወራላቸው በሽተኞች ፈቃደኛ ሆነው ራሳቸው ቢናገሩ፣ ለመጀመሪያው ዓመት ይበቃል።