እንቁላሉ እስኪመጣ መኖውን ማን ይከፍላል?

ባለፈው ዓመት በአንድ ወረዳ የወጣቶች የንግድ ዕቅድ ሲገመገም ተገኝቼ ነበር። ከፊት የአበዳሪው ተቋም ሠራተኛ፣ የግብርና ባለሙያዎችና የሥራ ዕድል ፈጠራውን የሚከታተሉ የወረዳው ኃላፊዎች ተቀምጠዋል። አምስት አምስት ሆነው የተደራጁ ወጣቶች በተራ እየወጡ ያቀርባሉ። ለአንድ ቡድን የተሰጠው ጊዜ 10 ደቂቃ ነው።

ሦስተኛ የወጣው ቡድን 500 የእንቁላል ዶሮ ለማርባት ብድር የጠየቀ ነበር። አቅራቢው ወጣት አንደበቱ ቀና ነው። የወረዳዋን ከተማ የእንቁላል ፍላጎት እንደሚያሟሉ፣ ለአምስት ወጣቶች ቋሚ ሥራ እንደሚፈጥሩ፣ በሦስት ዓመት ውስጥ 5 ሺህ ዶሮ እንደሚያደርሱ ተናገረ። ከመድረኩ ጥያቄዎች ተከተሉ። ቃለ ጉባኤ አላችሁ? ሥልጠና ወስዳችኋል? የሼዱ ቦታ ተፈቅዷል? ዋሱ ማን ነው? ለሁሉም መልስ ነበራቸው።

ይህን ጊዜ ለልጃቸው ዋስ ሊሆኑ የመጡ አንድ አባት ከኋላ ወንበር እጃቸውን አወጡ። «ልጆቼ፣ እነዚህ ዶሮዎች እንቁላል እስኪጥሉ ድረስ የሚበሉት የማንን ነው?» አሉ። አዳራሹ ሳቀ። ሰብሳቢውም በትሕትና «አባታችን፣ መኖ በዕቅዱ ውስጥ ተካቷል» ብለው ወደ ሌላ ቡድን አለፉ። ከግምገማው በኋላ ዕቅዱን ለምኜ አየሁት። የተካተተው የአንድ ወር መኖ ነበር።

በዚያ ቀን ከተጠየቁት ጥያቄዎች ሁሉ ገንዘብ የሚያወጣ ሰው ሊጠይቀው የሚገባው የእኒያን አባት ነው እላለሁ። እስቲ እናስላው። የ45 ቀን ጫጩት ተረክቦ ሥራ የሚጀምር ማኅበር የመጀመሪያውን እንቁላል የሚያየው ዶሮዎቹ ወደ 20 ሳምንት ሲጠጉ ነው። በመካከሉ 95 ቀን አለ። በዚህ ጊዜ አንዲት ቄብ በአማካይ በቀን 75 ግራም ያህል ትበላለች ብንል፣ 500 ቄቦች ወደ 35 ኩንታል መኖ ይጨርሳሉ። አንድም እንቁላል ሳይሸጥ ማለት ነው። መጣል ከጀመሩ በኋላ ደግሞ ለእያንዳንዷ በቀን 110 ግራም ያህል ያስፈልጋል፤ በድምሩ በየቀኑ ከግማሽ ኩንታል በላይ። የፈንግል ክትባቱ፣ የሚሞተው ጫጩት፣ የመብራቱና የጉዝጓዙ ወጪ ገና አልተቆጠረም።

የአንድ ወር መኖ ይዞ የገባ ማኅበር በሁለተኛው ወር ምን እንደሚያደርግ ዶሮ አርቢ የሆነ አንባቢ ያውቀዋል። መጀመሪያ መኖውን ያሳንሳል። ቀጥሎ ፉርሽካ ብቻ ይሰጣል። ቄቧ ሳታድግ ትቀራለች፤ መጣሏ ይዘገያል፤ ስትጥልም ትንሽ ነው። በመጨረሻ «ገበያ ጠፋ» ተብሎ ዶሮዎቹ ለሥጋ ይሸጣሉ። ሪፖርቱ ላይ «በወጣቶቹ የአመለካከት ችግር» ተብሎ ይጻፋል። ዕዳው ግን የአባትየውን በሬ ይዞ ይቀራል።

በከተሞች አካባቢ አሁን አሁን «ፒች» የሚባል ነገር ተለምዷል። ጀማሪ ድርጅት ያለው ወጣት ገንዘብ ካላቸው ሰዎች ፊት ቆሞ በጥቂት ደቂቃ ሐሳቡን አስረድቶ ገንዘብ የሚጠይቅበት ነው። «ብሩህ» በሚል ስያሜ የሚካሄደው የንግድ ሐሳብ ውድድርም ከዚሁ የሚመደብ ነው። ለወረዳ ሰው ነገሩ እንግዳ ሊመስል ይችላል እንጂ፣ ያ በአዳራሹ ያየሁት ቡድን ያደረገው ይህንኑ ነው። ልዩነቱ የራሱን ገንዘብ የሚያወጣ ሰው ስለ ቃለ ጉባኤ ብዙም አይጨነቅም። መጠየቅ የሚፈልገው ማን እንደሚገዛችሁ፣ እስከዚያ በምን እንደምትቆዩ፣ ነገሩ ቢበላሽ ምን እንደምታደርጉ ነው። እኛ የመንግሥት ገንዘብ ስለሆነ ይመስላል እነዚህን እየዘለልን ማኅተም እንፈትሻለን።

ከገዢው እንጀምር። «የእንቁላል ፍላጎት ከፍተኛ ነው» የሚለው ዓረፍተ ነገር በየዕቅዱ አለ። ፍላጎት ማለት ግን ስም ያለው ሰው ነው። የትኛው ሆቴል፣ የትኛዋ ሱቅ፣ በሳምንት ስንት ትሪ፣ በየትኛው ቀን፣ በእጅ በእጅ ወይስ በዱቤ? በዚያው ግምገማ ከሰዓት በኋላ ተራዋ የደረሰ አንዲት ልጅ ነበረች። አንደበቷ እንደ ጠዋቱ ወጣት የተባ አልነበረም፤ እንዲያውም ስትናገር ድምጿ ይንቀጠቀጥ ነበር። ነገር ግን ደብተር ይዛ መጥታለች። ከእናቷ ጋር በጓሮ 40 ዶሮ ይዛ ቆይታለች። በደብተሩ የየቀኑ እንቁላል፣ የሞቱት ዶሮዎች፣ መኖ የተገዛበት ዋጋ፣ በዱቤ ወስደው ያልከፈሉ ሰዎች ሳይቀሩ ተጽፈዋል። አንድ ምግብ ቤት በሳምንት የሚፈልገውን ያህል ማቅረብ እንዳልቻለችና የጠየቀችው ብድር ያንን ለመሙላት እንደሆነ ተናገረች። እኔ ባለሀብት ብሆን ገንዘቤን ለዚህች ልጅ እሰጥ ነበር። ኮሚቴው ግን በቡድን ስላልተደራጀች በሚቀጥለው ዙር እንድትመጣ ነገራት።

ገዢ አለ ማለት ደግሞ ዓመቱን ሙሉ አለ ማለት አይደለም። እንቁላል በሀገራችን በጾም ቀን መቁጠሪያ የሚገዛ ምርት ነው። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። ከ500 ዶሮ በቀን 400 እንቁላል የሚሰበስብ ማኅበር በዚያ ጾም 22 ሺህ እንቁላል ይዞ ይቆማል። የሚገዛ የለም ማለቴ አይደለም። ሙስሊሙ ወገናችን ይገዛል፤ የማይጾሙ ሕፃናት አሉ፤ እንግዳ የሚያስተናግዱ ሆቴሎችም አሉ። ግን እነዚህ ጾሙ ከመግባቱ በፊት ተፈልገው የተገኙ መሆን አለባቸው። የመረከቢያ ወሩም ቢሆን በዘፈቀደ አይደለም። ኅዳር መባቻ ላይ የ45 ቀን ጫጩት የተረከበ ሰው እንቁላል ማየት የሚጀምረው የካቲት ውስጥ፣ ጾሙ ሲገባ ነው። ገና ሰሞን የተረከበ ግን ፋሲካ ሰሞን ይጀምራል፤ እንደ ፋሲካው አዋዋል ጥቂት ቀን ወዲህ ወዲያ ይላል። ምርቱ እየጨመረ የሚሄደውም ረቡዕና ዓርብ እንኳ በማይጾምበት በበዓለ ሃምሳ ውስጥ ነው። የሁለት ወር ልዩነት አንዱን ማኅበር ያቆማል፤ ሌላውን ይጥላል።

እዚህ ላይ ወደ ወረዳ አመራሮቻችን ልመለስ። ብድር የሚለቀቀው በአብዛኛው የፋሲካን ቀን አስቦ አይደለም። ዕቅድ ለማሳካት ነው። በጀት ሊዘጋ ሲል ሰኔ ላይ ይጣደፋል። ሰኔ ላይ ጫጩት የተረከበ ወጣት ደግሞ የክረምቱን ብርድና እርጥበት፣ ኮክሲዲዮሲስንና እህል የሚወደድበትን ሐምሌና ነሐሴን ይዞ ነው የሚጀምረው። በዚህ ላይ ለአሥር ማኅበራት በአንድ ሳምንት ጫጩት ይታደላል። የታደለው ሁሉ በአንድ ሳምንት መጣል ይጀምራል፤ በአንዲት ትንሽ ከተማ ገበያ ላይም በአንድ ጊዜ ይወርዳል። በመስኖ ሽንኩርት ላይም ያየነው ይኸው ነው። ሁሉም በአንድ ጊዜ ተክሎ በአንድ ጊዜ ሲነቅል ዋጋው የማጓጓዣውን እንኳ አይሸፍንም፤ ከሁለት ወር በኋላ ግን የከተማው ሰው «ሽንኩርት ተወደደ» ይላል።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ የብድሩ አከፋፈል ነው። ወር በወር እንዲመለስ የተደረገ ብድር ለሱቅ ይሠራ ይሆናል። በ95 ቀን ውስጥ ሳንቲም ለማያገኝ ሰው ግን መኖውን ሸጠህ ክፈል እንደማለት ነው። ለሦስት ወር በግ የሚያደልብ ቡድን በጉ ሲሸጥ አንድ ጊዜ ይክፈል። እንቁላል አምራቹ ከአምስተኛው ወር ጀምሮ ይክፈል። ገንዘቡም በአንድ ጊዜ ባይለቀቅ ይመረጣል፤ ግማሹ ለሼድና ለጫጩት፣ ግማሹ የጫጩቶቹ ቁጥርና ክብደት በባለሙያ ታይቶ ለመኖ። ይህ አበዳሪውንም ከኪሳራ ያድናል። ወጣቶቹም ገንዘቡ ሁሉ በሼድ ቆርቆሮ ላይ እንዳያልቅ ይረዳቸዋል። ሼድ ማሳመር የብዙዎቻችን ድክመት ነው፤ ጎብኚ ሲመጣ የሚታየው እሱ ስለሆነ።

ስለ ዋስትናም አንድ ነገር ልበል። የብድር ዋስትና ሲባል ቤት ወይም ደመወዝተኛ ዘመድ ብቻ የሚመስለን ብዙዎች ነን። ተንቀሳቃሽ ንብረትን ለብድር መያዣ ለማድረግ የሚያስችለው አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ከወጣ ዓመታት አልፈዋል። ከብትም ሆነ የእርሻ ምርት በመያዣነት ሊመዘገብ ይችላል። የግብርና ምርት ውል አዋጅም በ2015 ዓ.ም. ጸድቋል፤ አምራቹና ገዢው ገና ምርቱ ሳይደርስ በጽሑፍ የሚዋዋሉበትን መንገድ ያበጃል። ይህን ለብቅል ገብስ አምራቾች መንገር ለቀባሪ ማርዳት ነው፤ ከፋብሪካ ጋር ተዋውሎ ማምረትን ቀድመው ያውቁታል። በወረዳ ደረጃ ያሉ አበዳሪዎች ግን ከሆቴል ጋር የተደረገ የአቅርቦት ውል ይዞ ለመጣ ወጣት ክብደት ሲሰጡ ብዙም አላየሁም። የወረዳው ፍትሕ ጽሕፈት ቤት አንድ ገጽ የውል ናሙና አዘጋጅቶ ቢያስቀምጥ ምን ያህል ወረቀት ይፈጃል?

ወጣቶችም ራሳችሁን ጠይቁ። ገንዘብ ያለው አበዳሪ ተቋም ጋ ብቻ አይደለም። አስቀድሞ ከፍሎ ትሪውን በቅናሽ የሚወስድ ሆቴል አለ። መኖ በዱቤ የሚሰጥ ኅብረት ሥራ ማኅበር ሊኖር ይችላል። ዐረብ ሀገር ያለች እህት አለች። ስለ እህት ስናገር ግን እጠነቀቃለሁ። በሰው ቤት ሠርታ የላከችው ገንዘብ «ቤተሰብ ነን» ተብሎ ያለ ወረቀት ይገባል። ብድር ይሁን የትርፍ ድርሻ አይታወቅም። ዶሮው ሲያልቅ እህትና ወንድም አይነጋገሩም። ለባንክ የምታዘጋጁትን ዕቅድ ለእህታችሁም አዘጋጁላት፤ ሲከስር የማን ኪሳራ እንደሚሆን ሳይቀር ጻፉላት። በስልክ አንብቡላት፤ ትጠይቃችሁ። ከኮሚቴው የበለጠ ልብ የሚያወልቅ ጥያቄ የምትጠይቀው እሷ ናት።

በቡድን መደራጀትንም አልቃወምም። ግን ለብድር ሲባል ጽሕፈት ቤት በር ላይ የተዋወቁ አምስት ሰዎች ማኅበር አይባሉም። ሌሊት ተነስቶ የጫጩቱን ሙቀት የሚያየው ማን እንደሆነ፣ አንዱ ጥሎ ቢሄድ ድርሻው እንዴት እንደሚሰላ ሳይነጋገሩ ይፈርማሉ። እንደ እኔ አስተያየት ገምጋሚ ኮሚቴ አምስቱንም ለየብቻ ጠርቶ «ለሊቱ የማን ነው?» ብሎ ቢጠይቅ ብዙ ይማራል። በ2009 ዓ.ም. 10 ቢሊዮን ብር ተመድቦለት የተቋቋመው የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ ስሙ ራሱ ይናገራል፤ ገንዘቡ ካልተመለሰ አይዞርም፤ ካልዞረ ቀጥሎ ላለው ወጣት አይደርስም። ስለዚህ በዓመቱ መጨረሻ ስንት ማኅበር ተደራጀ ከሚለው ቁጥር ጎን፣ አምና ከተደራጁት ዛሬ በሥራ ላይ ያሉት ስንት ናቸው የሚል አንድ ዓምድ በሪፖርቱ ላይ ይጨመር። መጀመሪያ ላይ ቁጥሩ ያሳፍረን ይሆናል።

ያ የ500 ዶሮ ቡድን ጉዳይ እንዴት እንደሆነ ጠይቄ ነበር። አባትየው ጥያቄያቸው ሳይመለስ አልፈርምም አሉ። ልጆቹ ተቆጥተው ሰነበቱ፤ በኋላ ግን ከአንድ የእንስሳት እርባታ ባለሙያ ጋር ቁጭ ብለው ሒሳቡን እንደ አዲስ ሠሩት። 500ው 200 ሆነ። ከተጠየቀው ብድር ውስጥ ትልቁ ቁጥር ሼድ መሆኑ ቀርቶ መኖ ሆነ። ጫጩት የሚረከቡበት ወርም ወደ ገና ተገፋ። አባትየው ፈርመዋል። ማመልከቻው ግን ይህን ጽሑፍ እስከማዘጋጅበት ቀን ድረስ መልስ አላገኘም፤ ምክንያቱ ሲጠየቅ «የዶሮው ቁጥር ከወረዳው ዕቅድ በታች ነው» የሚል ነበር።